አራት አንዶች በሰባት ቤት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ያለህበት አገር ብርዱም ሙቀቱም ይለዝብልህ፤ የያዝከው ሁሉ ይሳካልህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ ግን የአባዬን ጉልበት ሳልጨምር ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተንበርክኮ የሰው ወለል ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ጉልበት በቃኝ ብሏል። ደረቱንም ብናኙ ይዞታል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መቁረጫ ማሽን አጠገብ እንዳትደርስ» ብሎት ቤት ከዋለ ሁለት ወሩ ነው። ወንበሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቶ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይውላል።

ደውዬ ልነግርህ ነበር። እሱ ግን «ቁጥር በስልክ ሲነገር ይንሻፈፋል፣ ጻፊለት» አለኝ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የሚጽፈው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ወሬውን ለእኔ ትቶልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ሴራሚኩን እንዴት እንደሚያሽግ አትረሳውም፤ ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጠህ አይደል ያጠናኸው? ሰባት ፍሬ አንድ ካርቶን፣ ሰባት ካርቶን አንድ ሳጥን፣ ሰባት ሳጥን በእንጨት መደብ ላይ ተከምሮ አንድ ፓሌት። አባዬ ከድሮም ሲያዝ ፍሬ ደምሮ አያዝም። ከግራ ፓሌቱን፣ ቀጥሎ ሳጥኑን፣ ቀጥሎ ካርቶኑን፣ በመጨረሻ ፍሬውን በየተራቸው ይጽፋል። ይህን «ሰባት ቤት» ይለዋል። አስር ፍሬ ሲፈልግ 13 ብሎ ይጽፋል፤ አንድ ካርቶንና ሦስት ፍሬ ማለቱ ነው። አዲስ ሻጭ ሁሉ ይሳሳትበታል።

የመጨረሻ ሥራው የአንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ነበር። ሃያ ፍሬ በሃያ ፍሬ፣ ጥርት ያለ ካሬ። ለሱቁ በላከው ወረቀት ላይ 1111 ብሎ ጻፈ። ሻጩ «አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ አንድ?» ቢለው «አይ፣ ከሁሉም አንድ አንድ» አለው። ፓሌቱ ሦስት መቶ አርባ ሦስት፣ ሳጥኑ አርባ ዘጠኝ፣ ካርቶኑ ሰባት፣ አንድ ፍሬ። ድምሩ አራት መቶ። «አንዷ ብትሰበርስ አባት?» ብሎ ሳቀበት። «አንዷ ከተሰበረች ሥራዬን አላውቅም ማለት ነው» ብሎት አስጭኖ ሄደ። ሳይተርፍ ሳይጎድል ገባ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይዞታል። ፋብሪካው በስምንት በስምንት ቢያሽግስ? እንደ ድሮው በአስር በአስር ቢያሽግስ? በየትኛው ቤት ነው ከአራቱም አንድ አንድ ስትወስድ ወለሉ ካሬ የሚሆነው? እስከ ሠላሳ ቤት ሞክሮ ከሰባት ሌላ አላገኘም። «ሰባት ብቻ ናት ወይ? ሰውስ ያውቀዋል ወይ? አንተ ከተማሩት ጋር ትውላለህና ጠይቅልኝ» ይልሃል። እባክህ አታዘግይበት። ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል።

እህትህ

---

ኅዳር 27

ለምወድሽ እትዬ፣

ጤናና ረጅም ዕድሜ ለአንቺም ለአባዬም። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ፌርማታ ቆሜ ሳነበው ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። እናቴ አርፋ በስድስት ዓመቴ እናንተ ቤት ስገባ አባዬ የእህቴ ልጅ ነው ሳይል የራሱ አደረገኝ። «ሊቁ» ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ቆሜ የማስተምረው በእሱ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ተምሬ ነው።

ጥያቄው ቆንጆ ነው። እጠይቅለታለሁ። ብቻ እንዴት አድርጎ እንዳሰበው የሚያሳዩትን ገጾች ላኪልኝ፤ በራሱ እጅ የጻፋቸውን። ሥዕልም ካለው ከነሥዕሉ። «ሊቁ አልረሳህም» በይው፤ ጉልበቱን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

---

ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ደጅህ አይዘጋ፣ ጤናህ አይጓደል። የላክሃት ወረቀት ከመጣች ጀምሮ ቤቱ ሌላ ሆኗል። አባዬ «ሊቁ ቆንጆ ጥያቄ ነው አለ» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ይናገራል። ጎረቤት ምን ይገባዋል? «ቆንጆዋ ማን ናት?» አለችው ባለሱቋ።

ሦስት ገጽ በኮፒ ቤቴ ማሽን ገልብጬ ልኬልሃለሁ። እኔ እንደገባኝ ልተርክልህ፤ ካበላሸሁ ከቁጥሩ አቃናው።

አንደኛው ገጽ፦ ሦስት አንዶች በምንም ቤት ካሬ አይሆኑም ይላል። አንዱ ሳጥን ብቻውን ካሬ ወለል ይሞላል፤ ሰባት በሰባት። የሚተርፍህ አንድ ካርቶን፣ ማለት አንድ ረድፍ፣ እና አንድ ፍሬ ነው። ወለሉን በአንድ ደረጃ ለማሳደግ ግን በሁለት ጎን ሁለት ረድፍና የማዕዘኗ ፍሬ ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ምንጊዜም አንድ ረድፍ ይጎድላል። በሰባትም በሰባ ሰባትም ያው ነው። ሲያስረዳኝ የሽንት ቤታችንን ወለል በጣቱ እያሳየ ነው፤ እኔ እንኳ ገባኝ።

ሁለተኛው ገጽ ስለ አራቱ አንዶች ነው። አራት መቶ ማለት ስምንት ጊዜ ሃምሳ ነው። ስምንት ከሰባት በአንድ ይበልጣል፤ ሃምሳ ደግሞ ከሰባት ጊዜ ሰባት በአንድ ይበልጣል። ሁለቱን ግመሳቸው፤ አራትና ሃያ አምስት ይሆናሉ። ሁለቱም ካሬ ናቸው። አባዬ «ሁለት በር» ይላቸዋል፤ አራቱ የመጀመሪያው፣ ሃያ አምስቱ ሁለተኛው፤ አንድ ቤት ካሬ እንዲሰጥ ሁለቱንም በር ማለፍ አለበት። ከዚያ በታች «ሁለተኛውን በር ከሰባት በቀር የሚያልፍ የለም» ብሎ አስምሮበታል። ይህን እንድታይለት ነው አጥብቆ የሚፈልገው። «ልቤ አልሞላም፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል» ይላል።

ሦስተኛው ስለ ስድስት አንዶች ነው። መቶ አርባ በመቶ አርባ ሞልቶ ስምንት ፍሬ ይተርፋል። ይህን ሲያገኝ እንደ ልጅ አዘነ።

እህትህ

---

መጋቢት 9

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ ፈተና ማረም፣ ስብሰባ፣ እንዲህ እንዲያ። ገጾቹ ግሩም ናቸው። አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ላሳያቸው አስቤያለሁ። ኮፒው ግን ደብዝዟል፤ የእርሳሱ መስመር አይታይም። ደብተሩን ራሱን ብትልኪልኝ ይሻላል፤ በአደራ። ሰባት ብቻ ናት ወይ ላልሽው፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። ገና እየተጠየቀ ነው።

ወንድምሽ

---

ሚያዝያ 3

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ሰው ያክብርህ፣ ያሰብከው ይድረስልህ። ደብተሩን በአደራ ፖስታ ልኬልሃለሁ። ቀላል አልነበረም። አባዬ አንድ ቀን ሙሉ ሲያገላብጠው ዋለ። ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈበት ነው፤ የየቤቱ ወለል፣ የየክፍሉ ማዕዘን፣ የእናቴ የመጨረሻ ሳምንት መድኃኒት ሰዓት ሳይቀር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ኮፒ ላድርገው፣ ሥራዬ አይደል?» ብለው «ለሊቁ እኮ ነው የምንልከው! ምን ይሆንብናል?» ብሎ ከእጄ ቀምቶ ራሱ አሸገው።

አንድ ነገር አደራ። መጀመሪያው ገጽ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘች ብጣሽ ወረቀት አለች። ከሁሉ በፊት እሷን አንብብ። አባዬ የሚንቀሳቀሰውን ነገር አገኘው። አርባ አንድ ናት። አርባ አንድ ቤት ሁለተኛውን በር ያልፋል። የመጀመሪያውን ግን አያልፍም፤ አርባ ሁለት ሲገመስ ሃያ አንድ ነው፣ ሃያ አንድ ካሬ አይደለም። ስለዚህ ወለሉ አሁንም አይሞላም፤ ነገር ግን ያ ያሰመረበት መስመር ስህተት ነው። «ምክንያቴ ወደቀ፣ ሐሳቤ ግን ቆሟል፤ ሊቁ ያንን መስመር ለሰው ሳያሳይ ይሰርዝልኝ» ብሏል። በስህተቱ ተደስቶ ሲስቅ ብታየው!

እህትህ

---

ነሐሴ 20

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ሰላም ላንተ ይሁን። አራት ወር አለፈው። ደብተሩ ደረሰህ? የአርባ አንዷን ወረቀት አየሃት? አባዬ አይጠይቀኝም። ከኮፒ ቤት ስገባ እጄን ያየኛል፣ ባዶ መሆኑን አይቶ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ይለኛል። ደህና ሁን እንጂ ሌላ አልልህም፤ ሁለት መስመር ብቻ ጻፍለት።

እህትህ

---

ጥቅምት 18

ለውድ እህቴ፣

መልካሙ ሁሉ ከደጃችሁ አይጥፋ። ደብተሩ በሰላም ደርሷል፤ ቢሮዬ ውስጥ በመስታወት ቁም ሳጥን ተቀምጧል። ሥራ ወጥሮኝ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም።

አብራ የተላከችው አንድ ገጽ ለወጉ ያህል ነች። ደብተሩን በፈቃዱ እንደሰጠኝ፣ በውስጡ ባለው ልጠቀምበት እንደምችል የምትል ናት። እዚህ አገር ያለ ወረቀት እስክሪብቶ እንኳ አያውሱሽም፤ ታውቂያለሽ። ከታች በኩል አስፈርሚልኝና መልሺልኝ። ቶሎ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 5

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ጤናህን ይስጥህ። በፖስታው ውስጥ የፈረመባት ወረቀት አለች። መነጽሩን ሊያመጣ ሲነሳ «ለወጉ ነው፣ እዚህ ጋ ፈርም» ብዬ ጣቴን ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። ፈረመ። ከፈረመ በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስለ አርባ አንድ ምንም አላለም?»

ምን ልበለው?

እህትህ

---

መጋቢት 22፣ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ

ሰላምታ መጻፍ ከብዶኛል። ጤናህን ግን አልጠላም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ስትል ታመህ ይሆናል፣ ችግር ገጥሞህ ይሆናል እያልኩ ነበር የምጨነቀው። ትናንት ረፋድ ላይ አንዲት የሒሳብ መምህርት፣ ደንበኛዬ ናት፣ መጽሐፍ ይዛ መጣች። «ምዕራፍ አራትን ሠላሳ ቅጂ አድርጊልኝ፤ የጻፈው እኮ የኛው ልጅ ነው፣ ተማሪዎቼን ላነቃበት» አለችኝ። ሽፋኑን ሳየው አንተ ነህ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ወንድሜ ነው ልላት አፌን ስከፍት ዓይኔ ገጹ ላይ ወደቀ።

አሁን የምጽፍልህ በቃሌ የያዝኩትን ነው። «አጎቴ ማንበብና መጻፍ የማይችል ደግ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ፍሬዎቹን ስቆጥር፣ ከሁሉም አንድ አንድ ቢወሰድ ካሬ እንደሚሞላ ታየኝ። ሮጬ ነገርኩት። አልገባውም፤ ራሴን ዳብሶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።»

ነበር አልክ። አባዬን ነበር አልከው።

ማሽኑ ይሠራል፣ ወረቀቱ ይወጣል፣ እኔ በየገጹ አባዬን አየዋለሁ። የሚጎድለውን ረድፍ በሰረዝ የሚያሳየው ሥዕል የእሱ ነው። ሁለቱ በሮች የእሱ ናቸው። ስምንቷ ትርፍ የእሱ ናት። ሁለት ገጽ ዘቅዝቄ አተምኩባት። መምህርቷ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ለአባዬ አልነገርኩትም። አንተ ዘጠኝ ዓመት ሲሆንህ ፋብሪካው ገና በአስር በአስር ነበር የሚያሽገው፤ እሱን እንኳ ረሳኸው? ሃያ ሁለት ዓመት የተጻፈ ደብተር ወስደህ፣ ጸሐፊውን ማንበብ የማይችል አደረግከው። ለምን? መልስልኝ። እባክህ አልልህም።

እህትህ

---

ሚያዝያ 30

ለምወድሽ እትዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ቁጣሽም ይብረድልሽ። መናደድሽ ይገባኛል። ግን ነገሩን በጥሞና እይው። አሳታሚዎቹ «ታሪኩ ልጅ ይፈልጋል» አሉኝ። ሰው ሕፃን ሲደነቅ ማንበብ ይወዳል፣ ሽማግሌ ሲቆጥር ማንበብ አይወድም። «አጎቴ» አልኩ እንጂ ማን እንደሆነ አልጻፍኩም፤ ማንም አያውቀውም። «ነበር» ያልኩትም ታሪክ ስተርክ የሚመጣ አነጋገር ነው። ደግሞ በፈቃዱ ፈርሟል።

በሰኔ ለንግግር ተጋብዤ እመጣለሁ። እቤት መጥቼ ጉልበቱ ላይ ወድቄ ራሴ እነግረዋለሁ። እስከዚያ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ፤ ከሌላ ሰው ቢሰማ ልቡ ይሰበራል። አደራሽን።

ወንድምሽ

---

ሰኔ 14

ጤና ይስጥልኝ።

እንደምትመጣ ለአባዬ ነገርኩት፤ ስለ መጽሐፉ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አደራህን ጠበቅሁ። ፀጉሩን ተቆረጠ። አንተ ትተኛበት የነበረውን አልጋ ከግድግዳው አራቀው፤ «አሁን ቁመቱ አይበቃውም» ብሎ እግርጌው ላይ ሳጥን ቀጠለበት። ሰኞ ቀረህ። ማክሰኞ ቀረህ። ረቡዕ መምህርቷ ለንግግርህ ሁለት የመግቢያ ወረቀት ይዛልኝ መጣች፤ ከእሁድ ጀምሮ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበርክ። «ሥራ ይዞት ነው፤ እኛ እንሄድለታለን» አለ አባዬ። አንድ እግሩ ከበሩ እንደወጣ «ቆይ፣ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ» ልለው ፈለግሁ። ኮቱን ለብሶ ሳየው አቃተኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለአንተ አላካፍልህም።

አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። አንተ መድረክ ላይ ወጥተህ ስለ ካርቶኑ ማውራት ስትጀምር አባዬ ፈገግ አለ። ከዚያ ማንበብ ስለማይችለው አጎትህ አወራህ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይኼ አጎቱ ማነው? በአባቱ በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እጁን ያዝኩት። ቀስ እያለ ገባው። ፊቱ አልተለወጠም፤ እጁ ብቻ ከእጄ ውስጥ ወጣ።

ለጥያቄ ጊዜ ሲሰጥ በእኔ ትከሻ ተደግፎ ተነሳ። ድምፅ ማጉያውን አመጡለት። እኔ «ልጄ፣ ይህ የኔ ነው» የሚል መስሎኝ ነበር። ምን እንዳለ ሰምተሃል፤ ግን እጽፍልሃለሁ፣ እንዳትረሳው።

«ሁለተኛውን በር ከሰባት ሌላ የሚያልፍ የለም ብለሃል። አርባ አንድ ያልፋል። አርባ አንድ ጊዜ አርባ አንድ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ አንድ። አንድ ጨምርበት፣ ግመሰው። ስምንት መቶ አርባ አንድ። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ነው። ታዲያ መስመሩን እንዴት አቆምከው?»

አየኸው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠማችሁ፤ እኔ መሐላችሁ ነበርኩ። ውሃ ጠጣህ። ከዚያም «አመሰግናለሁ አባት፣ ደስ የሚል አስተያየት ነው። ሌላ ጠያቂ?» አልክ።

አባት! ሴራሚክ ሻጩ የሚለውን ነው ያልከው፤ መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሽማግሌ የሚባለውን። አዳራሹም አጨበጨበለት። ለሕፃን እንደሚጨበጨበው።

ስንመለስ ታክሲ ተሳፈርን። ድልድዩን ካለፍን በኋላ «ያቺን ወረቀት አላያትም» አለኝ። «በመርፌ ቁልፍ ያያዝኳትን። ደብተሬን ገልብጦታል እንጂ አላነበበውም።» ስሙን እንደወሰድክበት አላነሳም። አለማንበብህ ነው የገደለው። ቤት ስንገባ ደግሞ «ያን ቀን የፈረምኩት ምን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። «እ» ብሎ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ጉልበቱ አልታጠፍ አለው፤ እኔ ፈታሁለት።

እህትህ

---

ሐምሌ 11

ለእትዬ፣

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ድንገት ሳየው ደነገጥኩ። ካሜራ ነበር፣ የጋበዙኝ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሰዓት ምን ልበል? «አባቴ ነው፣ የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ነው» ልበል? ከመድረኩ ወርጄ ፈለግኳችሁ፣ ሄዳችኋል። በማግስቱ አውሮፕላን ነበረኝ።

ግን አንድ እውነት ልንገርሽ፤ ሌባ ብለሽ እንዳትኖሪ። ይህ የአራት አንዶች ነገር ከአባዬ በፊት የታወቀ ነው። ሊቃውንት ድሮ ጨርሰውታል። ሰባት ብቻ ናት፤ በሙሉ ማስረጃ ተረጋግጧል፣ የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት መጽሐፍ ከፍቼ አግኝቼዋለሁ። አባዬ ያገኘው አዲስ ነገር የለም። ታዲያ የማንም ያልሆነውን ከማን ሰረቅሁት? የወሰድኩት አንድ ትንሽ ታሪክ ነው። ይህን ስትረጂ ሸክምሽ ይቀልልሻል ብዬ ነው።

አባዬን ሳሚልኝ። ካልተቀየመኝ።

ወንድምሽ

---

ነሐሴ 2

ለመጽሐፉ ደራሲ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በያሉበት ሰላም ይሁኑ።

ልጄ ደብዳቤዎን አነበበችልኝ። ከዚያ በኋላ ወስጄ ራሴ አነበብኩት፤ ማንበብ እችላለሁና። ይህን የምጽፈውም በራሴ እጅ ነው። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ፊደሉ ቢወላገድ ይታገሱኝ።

ሰባት ብቻ መሆኗን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ይህን መልስ መጠበቅ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል። እርስዎ በመጀመሪያው ሳምንት ያውቁት እንደነበር ጽፈዋል። ሌሎች ሰዎች ቀድመው ማወቃቸው አላስከፋኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ። የሆነ አገር፣ የሆነ ዘመን፣ እንደኔ በአንድ ፍሬ መጉደል የተበሳጨ ሰው ነበር ማለት ነው። ቢነግሩኝ ኖሮ ያንን ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ባወቅሁት ነበር።

ገጽ ስድሳ ሦስት ላይ ያለው ስህተት የእኔ ነው፤ የእርስዎ አይደለም። አርባ አንድን ያስገቡበትና ያርሙት። ወለል አንጥፌ አንዷ ፍሬ ከረገበች፣ ባለቤቱ ባያይ እንኳ በራሴ ጊዜ ነቅዬ መልሼ እተክላት ነበር። መምህርቷ ሠላሳውን ቅጂ መልሳ አምጥታልኝ፣ ከልጄ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ በየአንዳንዱ ላይ በእርሳስ አርሜያለሁ። በመጽሐፉ ላይ ያለውን ግን እኔ አልደርስበትም፤ የእርስዎ ሥራ ነው።

የፈረምኩትን አልክድም። ደብተሩንም እዚያው ያስቀምጡት። የእናቷ የመድኃኒት ሰዓት ያለበትን ገጽ ብቻ ቀደው ይላኩላት፤ ለእርስዎ አይጠቅምዎትም።

ልጄ ትከሻዬ ላይ ሆና የምጽፈውን ስታይ «እሱን እርስዎ ትለዋለህ? አንተ ያሳደግከውን?» አለችኝ። የማላውቀውን ሰው አንተ ማለት ነውር ነው አልኳት።

አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። ከሰባት ቤት ወጥቼ ወደ ሌላ ቤት ገብቻለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ባለፈው ሳምንት ሦስት አንዶችን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነው አገኘኋቸው። ካሬ አይደሉም፤ ከካሬ የሚበልጥ ነገር ናቸው። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት፣ አብረን ቁጭ ብለን ሳቅን። ሰው ያውቀው አይወቀው አላውቅም። በጣም ያምራል።

ለእርስዎ አልጽፈውም።

አክባሪዎ፣
ሴራሚክ አንጣፊው